መርሳ የሄደው ባዶ ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ድምፁ የለሰለሰ ወጣት ነው። «ለሱቅዎ ዌብሳይት እንሥራልዎት፤ የአድራሻውን ስም እኛው እናስመዘግባለን፣ እርስዎ ምንም አይቸገሩ» አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም። እኔ ግን «አይቸገሩ» የምትለዋን ስሰማ ደሜ ፈላ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁበትና ወልድያ ካለችው ትንሽ ሱቄ በር ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ስገላምጥ ቆየሁ። የተናደድኩት በኢንጂነር ቢንያም ነበር። እሱን ካየሁት ብዙ ዓመት አልፏል፤ ንዴቱ ግን አላረጀም።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም። በአንድ ጽሕፈት ቤት የሰው ማመልከቻ ስተይብ እየዋልኩ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ገጽ እየከፈትኩ፣ እያፈረስኩ፣ መልሼ እየገጣጠምኩ ነው የተማርኩት። ኢንጂነሩ ይህን ሰምቶ ቀጠረኝ። ድርጅቱ እዚሁ ወልድያ ውስጥ ያለ ትንሽ ነበር፤ ለመድኃኒት ቤቶችና ለሸቀጣ ሸቀጥ ሱቆች ዕቃ የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ይሸጣል። ሶፍትዌር ደግሞ እንደ ሳሙና አያልቅም፤ አንዴ የገዛ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ገበያው ሲደርቅ ኢንጂነሩ አንድ ጠዋት ታፔላውን አስወርዶ «ሶፍትዌር፣ ዌብ ሆስቲንግና ዲዛይን» የሚል ሰቀለ።

ዲዛይኑ የእኔ ሥራ ሆነ። ሆስቲንጉ፣ ማለትም ገጹ የሚቀመጥበትን ቦታ ማከራየቱ፣ የእሱ። ቦታው ውጭ አገር ነው፤ እኛ ተከራይተን ለደንበኛ እናካፍላለን። እዚህ ላይ ነውር የለም፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሠራው። የእኛ አገር ሰው ግን ያላየውን አይከራይም። በግ ሲገዛ ወገቧን የሚዳስስ፣ ቤት ሲከራይ ግድግዳ የሚያንኳኳ ሰው ነው። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች፣ ከመርሳም ከሐራም የመጣው ሁሉ «የታለ? አሳዩኝ» ይላል። ኢንጂነሩ ታዲያ አንድ ትልቅ ጥቁር የብረት ሳጥን አመጣ። ፊቱ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት አስተከለለትና በመስታወት ክፍል ውስጥ አስቀመጠው። ውስጡ ባዶ ነው። «የእርስዎም ዌብሳይት ያለው እዚህ ነው» ይላል። ሰውም በመስታወቱ አሻግሮ አይቶ፣ ረክቶ ይሄዳል። በገበያ ቀን ልጆቹን ይዞ መጥቶ የሚያሳይም ነበር።

እትዬ ዘሀራ የመርሳ ሰው ናቸው። የማንጎ፣ የብርቱካንና የፓፓያ ችግኝ ያፈላሉ። የችግኝ ቦታቸው ስም የሟች ባላቸው ነው፤ «የሁሴን ችግኝ»። ሁሴን በሕይወት ሳሉ የሸጡት ችግኝ አልጸድቅ ካለ፣ ገዢው ሳይጠይቃቸው በአህያ ጭነው ሌላ ያደርሱ ነበር አሉ። በወረዳቸው በሀብሩ ያ ስም መሐላ ነው።

ለዌብሳይታቸው ፎቶ ላነሳ የሄድኩ ቀን ትዝ ይለኛል። ሚኒባሱ ሲሪንቃን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እየሞቀ ይመጣል። እትዬ ዘሀራ የማሽላ ቂጣ በቅቤ፣ ከዚያ ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ አቀረቡልኝ። አፌ ሞልቶ ሳለ «ይሄ ስም የኛው ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ። ኢንጂነሩ የነገረኝን አምኜ «የእናንተው ነው» አልኳቸው።

ዓመቱ ዞሮ፣ በዌብሳይቱ አይቶ የገዛው ችግኝ ግንዱ እየቆሰለ የደረቀበት አንድ የፕሮጀክት ሠራተኛ መርሳ ድረስ ሄዶ እትዬ ዘሀራን ሰደባቸው። እሳቸው አልሸጡለትም። ገጹን ስከፍተው ስሙ ያው የሁሴን ስም፣ ስልኩ ግን የሌላ ነጋዴ። ኢንጂነሩ ስሙን መጀመሪያውኑ «አይቸገሩ» ብሎ በራሱ አስመዝግቦት ኖሯል፤ ኋላ የተሻለ የከፈለ ሲመጣ ሰጠው።

«የሞተ ሰው ስም ነው እኮ» አልኩት።

«የሞተ ሰው ክስ አይመሠርትም» ብሎ ሳቀ።

በዚያው ሚኒባስ ተሳፍሬ ለእትዬ ዘሀራ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም። ዱበርቶቹን እንደሚያማክሩ ብቻ ነገሩኝ።

ወሎ ያደገ ሰው ዱበርቲ ምን እንደሆነች ያውቃል። ዱአቸው የሚፈለግ፣ እርግማናቸው የሚፈራ እናቶች ናቸው። በገበያ ቀን፣ ቢሮው በደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሃቸውን፣ ይዘው ገቡና «አሰላሙ አለይኩም» ብለው መስታወቱ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ አሉ። ኢንጂነሩ ፊቱ ቀላ፤ የሱም እናት የሀብሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ የሁሴን ስም የት ነው ያለው?» አሉት ትልቋ፣ እማማ ፋጡማ።

እሱ ስለ ሕግ ጀመረ፣ ነገሩ ውጭ አገር እንደሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። ይሄኔ ጥግ የተቀመጠ ደንበኛችን፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ብድግ አለ። «የኔስ? እዚህ ነው ብለኸኝ አልነበር?» ኢንጂነሩ ላብ ላብ አለው። «እዚሁ ነው፣ ሁሉም እዚሁ ነው» አለ።

«እዚህ ከሆነማ ይዘነው እንሄዳለን» አሉ እማማ ፋጡማ።

ይኼኔ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ደስ ብሎታል። እነዚያን እናቶች ባዶ ብረት አሸክሞ ሊሸኛቸው ነው። ተነሳሁ።

«እማማ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። የሁሴን ስም እዚህ የለም። በሱ በራሱ ስም ነው የተመዘገበው።»

እማማ ፋጡማ ሳጥኑን አዩት፣ እሱን አዩት።

«ባዶ ከሆነ ለመሸከም ቀላል ነው፤ አንሱት» አሉ። «አንተም ስሙን ስትመልስ መጥተህ ትወስዳለህ። እስከዚያ ሰው የታለ ብሎ ሲጠይቅህ፣ መርሳ ነው በል።»

ሳጥኑ ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስሮ ሄደ። ኢንጂነሩም ዱበርቶቹን የሚከለክልበት አንደበት አላገኘም፤ እኔን ግን በዚያው ቀን አባረረኝ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ እየገባ ባዶውን መስታወት ቤት ሲያይ የሚመልሰው ጠፋው። ብዙም ሳይቆይ የሁሴንን ስም ወደ እትዬ ዘሀራ አዛወረ። ሳጥኑን ግን ሊወስድ አልመጣም፤ መርሳ ላይ ዶሮ ታቅፍበታለች።

ታሪኩን ስናገር ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢንጂነሩ ቢሮውን ዘግቶ ሌላ ከተማ ገባ። የልብስ ሰፊው ስም፣ የአንድ ፔንሲዮን ስም፣ የሌሎቹም ደንበኞች ሁሉ በሱ ተመዝግቦ እንደታሰረ ቀረ። ልብስ ሰፊው አድራሻውን ከረጢቱ ላይ ሁሉ አሳትሞት ነበር፤ ሰው ሲከፍተው ምንም የለም። አንዴ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እኔ ዱበርቲ የለኝማ» አለኝ፣ እየሳቀ። ሰው የገዛ ስሙን ለማስመለስ እናቶችን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበረበት?

ማምሻውን ለዚያ ለስላሳ ልጅ መልሼ ደወልኩ። ስሙ በማን እንደሚመዘገብ ጠየቅኩት። «በድርጅታችን ነው፤ እርስዎ እንዳይቸገሩ ብለን ነው» አለኝ።

«ተወኝ ልጄ፣ ልቸገር» አልኩት።