ግማሽ ማዳበሪያ፦ ሽታ ያጣው የመካነ ሰላም አዝሙድ

ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ደሴ

የጭነት መኪናዋ ኤንትሬ የእርዳታ ስንዴ ጭናለች። እኔ ጋቢና ውስጥ ነኝ፣ ባና ተከናንቤ። ሹፌሩ ጋሽ በላይ ሞተሩን እያሞቀ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«መካነ ሰላም። ስለ ጥቁር አዝሙድ ሽታ ልመሰክር።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ሰው በረሃብ ባለቀበት አገር ስለ ሽታ?»

የእርሻ ባለሙያ ነኝ። ንጉሡ ወርደው መሬት ለአራሹ በታወጀ ሰሞን፣ ድርቁ የፈጀውን አገር በማዳበሪያ እናነሣለን ተብሎ ወደዚያ ተልኬ ነበር። አሁን የገበሬ ማኅበሩ የጠራኝ ለምስክርነት ነው። ይመር አራጋው የሚባል ገበሬ አዝሙድ ሸጦ፣ ገዢው «አይሸትም፣ አጭበርብሮኛል» ብሎ ከሶታል። አጭበርባሪ ከተባለ ከማኅበሩ ይሰረዛል። ከተሰረዘ ደግሞ የዘር ገብስ አያገኝም፤ የራሱን ዘር በክፉው ዘመን ቤተሰቡ በልቶታል።

ረፋድ፣ ጉጉፍቱ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር አንዲት ሴት የባቄላ ንፍሮ ትሸጣለች፣ አንድ ጣሳ በአሥር ሳንቲም። ከእሷ ጀርባ ጣሪያቸው የወደቀ አራት ቤቶች አሉ። ባለቤቶቹ የት ሄዱ አልልም፤ ጋሽ በላይ ከቤቶቹ በላይ ያለውን የድንጋይ ክምር ሲያልፍ ቆቡን አወለቀ። በዚያ የረሃብ ዓመት እኔ ደሴ ቢሮ ተቀምጬ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሰዓቴን አይ ነበር።

ረቡዕ፣ ከአቀስታ ወዲያ

መኪናዋ ስንዴውን አቀስታ አራግፋ፣ ጥርጊያው በዝናብ እስከተቆረጠበት ድረስ አደረሰችኝ። ከዚያ ወዲያ በቅሎ ተከራየሁ። መንገዱን ሁሉ ምስክርነቴን እያሰናዳሁ ነው የምሄደው። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው። አዝሙድ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ሲበዛበት ይወፍራል፣ ይለመልማል፤ ጉልበቱ ሁሉ ቅጠል ላይ ያልቃል። ፍሬው ውስጥ ሽታና ጣዕም የሚሆነው ዘይት ያንሳል። ምግቡን በልክ ያገኘ አዝሙድ ነው ድስት የሚያውደው። አንድ ገበሬ ምክሬን ሳይሰማ አብዝቶ በትኗል ማለት ነው፤ ይህን ተናግሬ እመለሳለሁ። በቅሎዋ ላይ ሆኜ እንዲህ እኮራ የነበርኩት ሰውዬ አሁን ማታ ይህን ስጽፍ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

አመሻሹ ላይ ይመር ቤት ደረስኩ። ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ነው። «እሰይ፣ አብሽሩ፣ ግቡ» ብሎ በቅሎዋን ተቀበለኝ። ባለቤቱ ዘይነብ የገብስ ቂጣ በጎመን አቀረበች፤ ሌላ እንደሌላቸው አየሁ፣ ቢሆንም በላሁ። ከዚያ ይመር አዝሙዱን አመጣ። በመዳፌ አሸሁት። ፍሬው ያምራል፣ ጥቁር፣ ደልዳላ። የሚሸተው ግን እንደ ድርቆሽ ነው።

«አባ ይመር፣ ስንት ጨመሩበት?»

«አንቱ ያሉኝን ነዋ። ‹ለአዝሙድ ግማሽ ማዳበሪያ ይበቃዋል› አላሉኝም? ግማሽ ማዳበሪያ በተንኩ። ያቻትና፣ የተረፈችው ግማሽ።»

ጥግ ላይ አፉ ታስሮ የቆመውን ጆንያ አሳየኝ። በዚህ አገር ጆንያውንም ማዳበሪያ ነው የሚሉት። ጤፉን በማዳበሪያ ይሰፍሩታል፣ ማዳበሪያ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ይህን አውቃለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግማሽ ስል ለስንዴው ከሚሰጠው ግማሹን ማለቴ ነበር፤ ለዚያች የአዝሙድ መደብ ሁለት ጣሳ ቢሆን ነው። እሱ ግማሽ ጆንያ በተነባት። ስህተቱን ለይመር ሳልነግረው «መሸ» ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ የማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ

ሸንጎው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ከሳሹ፣ የከተማው ቅመም ነጋዴ ሰይድ፣ አንድ እፍኝ አዝሙድ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ወላሂ፣ ቅመም ስሸጥ ነው ያረጀሁ። ይሄ ዘይቱ የተጨመቀ ገለባ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓድ ባለሙያ፣ ሳይጨመቅ ሽታው ሊጠፋ ይችላል?»

«ይችላል» አልኩ። ስለ ዩሪያው አስረዳሁ፣ አሳምሬ። ሰይድ ራሱን እየነቀነቀ አደመጠኝ። «እንዲህ ከሆነስ ሰውዬው ሌባ አይደለም» አለ፣ ቅሬታ ሳይዝ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጨምር ያለው ማነው?» አሉ ሊቀ መንበሩ። «የመንግሥት ማዳበሪያ ማባከን አሻጥር ነው።»

አሻጥር። በዚሁ ወር አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በዚህች ቃል ተወስዶ አልተመለሰም። ዓይኔን አዝሙዱ ላይ ተከልኩ።

«እኔው ነኝ» አለ ይመር። «እሳቸው በደንብ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ሳልረዳ የበተንኩ።»

ተፈረደ። ከማጭበርበር ክስ ነጻ ወጣ፤ ማዳበሪያ በማባከኑ ግን ቅዳሜ ከሚከፋፈለው የዘር ገብስ ዝርዝር ስሙ ተሰረዘ። ዘይነብ ከሰዎቹ ኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ «ስላስረዳኸን እናመሰግናለን» ተብዬ ተጨበጥኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት

ይመር ሊሸኘኝ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወንዙ ድረስ መጣ። እዚያ ስንደርስ ወረድኩና ነገርኩት፤ ግማሽ ስል ምን ማለቴ እንደነበር፣ ትናንት ለምን ዝም እንዳልኩ። መሬቱን እያየ ሰማኝ።

«ትናንት ሸንጎው ፊት መልክዎ ሲለወጥ ገብቶኛል» አለ።

«ታዲያ ጥፋቱን ለምን ራስዎ ወሰዱ?»

«አንቱን ቢወስዱዎት የሚመልስዎት የለ። እኔ የሚቀርብኝ ዘር ነው።» ልጓሙን አቀበለኝ። «ቢሆንም ይናገራሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። ሸንጎው እስኪነሣ ድረስ ጠብቄያለሁ።»

ሰላም ግቡ ብሎኝ ተመለሰ። ሳይቆጣ ነው ያለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ማታ፣ ደሴ

ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ለማኅበሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ይመር አራጋው ዘሩን ማግኘት እንዳለበት። ስሜንና ሥራዬን ከሥር አሰፈርኩ። ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሰኞ ነው አሉኝ። ገብሱ የተከፋፈለው ዛሬ ጠዋት ነው።