በሩ ላይ ማን ቆሞ ነበር?

የያዙኝ ፒያሳ፣ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ነው። ሁለት ናቸው፣ ሲቪል የለበሱ። አንደኛው «ትፈለጋለህ» አለኝ። «ማን ነው የፈለገኝ? ቤተሰቤ እንኳን አይፈልገኝም» አልኩት። አልሳቀም። ያኔ ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ።

ጣጣው የመጣብኝ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ዶሮ ማነቂያ የኛ መደዳ ሊነሳ ነው ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ «በጥናት እንደተረጋገጠው ነዋሪው በደስታ ተቀብሎታል» አለ። ተነሳሁና «ማንን ጠይቃችሁ?» አልኩ። በቃ ይቺው ናት። ሰው አጨበጨበ፣ እኔ ሁከት ቀስቃሽ ሆንኩ።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ፊቴን የመታኝ ሙቀቱ ነው። የሰው ትንፋሽ፣ ላብ፣ የከረመ ወጥና በረኪና፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ከዛ ዓይን ብቻ። ሰው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ተቀምጧል፣ አምፖሉ ቀንም ሌትም አይጠፋም። ካቦ የምንለው የክፍሉ ኃላፊ እሱም እስረኛ ነው፣ ውጪ እያለ ሹፌር የነበረ ረጅም ሰውዬ። «ቦታህ ሽንት ቤቱ ጋ ነው፣ ሰው ሲፈታ ወደ ላይ ትጠጋለህ» አለኝ።

«ኪራዩስ?» አልኩት። ሳቁ። ምላሴ እዛም ሰራች።

ከጎኔ የሚተኙት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። ጉራጌ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ውቤ በረሃ አካባቢ ሱቅ የነበራቸው። ሱቃቸው ሲታሸግ ማሸጊያውን ቀደዱ ተብለው ነው የገቡት። ጋሼ እንቅልፍ የላቸውም። ሲነጋጋ ይነሱና ምንም በሌለበት ግድግዳ ላይ ቁልፍ ያዞራሉ። ከዛ በሁለት እጃቸው የሱቅ ብረት መዝጊያ ወደ ላይ እንደሚያነሳ ሰው ይሆናሉ። ጨርሰው ቁጭ። ማንም አይስቅም፣ እኔ እንኳን።

አንድ ጠዋት አንሶላቸውን በቀጭን በቀጭኑ ቀደው ሲገምዱ አየኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እየሰሩ ነው?»

«ዕቃ ላስርበት» አሉኝ።

የሚታሰር ዕቃ የለም። ገመዱን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩ። ከዛ ቀን ጀምሮ እየተቀያየርን እንጠብቃቸው ጀመር። ካቦው ሆስፒታል ይሂዱ ብሎ ስንቴ ለመነ። የፖሊሶቹ መልስ «እያስመሰለ ነው» ነበር።

በዚህ መሀል ነው አንዲት ልጅ የመጣችው። ስኒከር ያደረገች፣ ባጅ ያንጠለጠለች፣ ታብሌት የያዘች። ስለ አእምሮ ጤና ጥናት እየሰራን ነው አለች። ስም እንደማትጽፍ፣ ያልፈለገ ሰው አለመመለስ እንደሚችል ደህና አድርጋ አስረዳች። አብሯት የመጣው ፖሊስ በሩን ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይሰማል።

ከካቦው ጀመረች።

«ባለፉት ሳምንታት እንቅልፍ አስቸግሮዎት ያውቃል?»

«ይመስገን።»

«የመከፋት፣ ተስፋ የመቁረጥ ስሜትስ?»

«ተመስገን ነው እህቴ።»

ታብሌቷን ነካ አደረገች። ቀጣዩም ይመስገን። ከሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ፣ አልሃምዱሊላህ። እሱ ልጅ ብርድ ልብሱን ነክሶ ሲያለቅስ ነው የሚያድረው። እኛ እንዲህ ነን በቃ፤ እንዴት ነህ ከተባልን ቤታችን እየተቃጠለም ይመስገን ነው። ፖሊስ እየሰማ ሲሆንማ ተወው።

አሁን ጋሼ ጋ ልትደርስ ነው። ጋሼም ይመስገን ሊሉ ነው። ከዛ ተጠንቶ ሁሉም ጤነኛ ሆነው ተገኙ ይባላል፣ ሆስፒታሉም እዛው ይቀራል። ደሜ ፈላ።

«እህት» አልኳት፣ «ጥናትሽ አለቀ'ኮ። አራዳ ውስጥ ደስተኛ ሰው የሚገኘው ታስሮ ነው ብለሽ ጻፊ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ በቀስታ «የማላይ መሰለህ?» አለችኝ። «ፖሊሱን ውጣልኝ ስለው ለደህንነትሽ ነው ብሎ እምቢ አለኝ። እንዲህ ሆኖ ከሚሰራ ባይሰራ ይሻላል። ካልተጠና አናውቅም ይላሉ። እንዲህ ከተጠና ግን ችግር የለም ብለው ይዘጉታል።»

እውነቷን ነው። ከትምህርት ጋር አስረኛ ክፍል ላይ ብንለያይም ይሄ ገባኝ። እኔን ያሳሰረኝም እንደዚህ ዓይነት ጥናት ነው።

ክፍላችን አንድ ደንብ ነበረው። ሰው ሲያመልክ አይቋረጥም። ኦርቶዶክሱ ሲጸልይ፣ ሙስሊሙ ሲሰግድ፣ ጴንጤዎቹ ሲዘምሩ፣ ሌላው ዝም ይላል። ፖሊሶቹም ለምደውታል፣ አይነኩትም። ጥግ ላይ ፓስተር የምንለው ልጅ አለ። ፓስተር አይደለም፣ የሂሳብ ሰራተኛ ነው፣ ድምፁ ግን የሰርግ ስፒከር ነው።

«ፓስተርዬ» አልኩት፣ «ዛሬ መንፈስ አልወረደብህም?»

አየኝ። ልጅቷን አየ። በሩን አየ። ካቦው ራሱን ነቀነቀለት። ተነሳና መዝሙሩን ለቀቀው።

ሌሎቹ ጴንጤዎች ተቀበሉት። ካቦው ኦርቶዶክስ ነው፣ በጭብጨባ ገባ። አልሃምዱሊላህ ያለው ልጅ የውሃ ጄሪካን ገልብጦ ከበሮ አደረገው። እኔ ግጥሙን አላውቅም፣ አፌን ከፍቼ ዝም ብዬ እጮሃለሁ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ፖሊሱ።

«አምልኮ ነው አለቃ።»

«በዚህ ሰዓት?»

«እሱ ሰዓት አለው እንዴ?»

ትንሽ ፊቱን አጨማዶ ቆመና ላሽ አለ፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ጋሼ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ታብሌቱን ደፍታ አስቀመጠችው። ጆሯቸው ስር ጠየቀቻቸው። አፋቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። አጠገባቸው ነኝ፣ ብፈልግ እሰማለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩና የባሰ አጨበጨብኩ። ያሏትን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሳቸው ነው።

ከሳቸው ስትነሳ ወደ ካቦው ተመለሰች። የመጀመሪያውን መልስ ሁሉ ሰርዛ እንደ አዲስ ጀመረች። እኔ ጋ ስትደርስ የጠየቀችኝን በሙሉ መለስኩላት፣ አንድ ቀልድ ሳልጨምር። ፓስተር ድምፁ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

ስትወጣ ከውጪ ሰማናት። ለተረኛው መኮንን ነው የምትናገረው። «ሌሎቹ የነገሩኝ ሚስጥር ነው። እኚህ ሰው ግን ተናገሪ ብለው ፈቅደውልኛል። ዛሬ ሀኪም ካላያቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ነው። ለማን እንደነገርኩም እመዘግባለሁ።»

ሳይመሽ ሊወስዷቸው መጡ። ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወደ ግድግዳቸው ሄዱ። መዝጊያውን ወደ ታች ሳቡት። ቆለፉት። ከዛ ወደ እኔ መጡና ባዶ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እስክመለስ ያዝልኝ።»

ፖሊሱ ሳቀ። ለሁሉ ነገር ቀልድ አያጣም የሚባለው እኔ፣ በሁለት እጄ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

«አይጠፋም ጋሼ» አልኩ።

አሁን ወጥቻለሁ። ምላሴም አብራኝ ወጥታለች። የልጅቷ ጥናት የት እንደደረሰ አላውቅም። ግን ሬድዮ ላይ «ጥናቶች እንደሚያመለክቱት» ብለው ስለ ሰው አእምሮ ማውራት ሲጀምሩ፣ ጀለሶቼን እጠይቃለሁ፦ ሰዉ ሲጠየቅ በሩ ላይ ማን ቆሞ ነበር? ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያቺ ልጅ ግን ይሄን ሳትጽፍ እንደማታልፍ እርግጠኛ ነኝ።

በቀደም አምስት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ጋሼን አገኘኋቸው። ወፈር ብለዋል። የእህታቸው ልጅ ሱቅ ይውላሉ፣ መድኃኒታቸውንም አላቋረጡም።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ይመስ...» ብለው አቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። የሚሰማን የለም። «እንቅልፍ አሁንም አንዳንዴ እምቢ ይለኛል» አሉኝ።

ከዛ እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው።

እጄን ኪሴ ከትቼ አወጣሁና ሰጠኋቸው።