ፈታሽ የሌለው ኬላ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሬክስዴል፣ ካናዳ

መኪናዬ ሳትነሳ ጋሽ መርሻ ተነስተዋል። ምድር ቤቴን የተከራዩኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሱዳን ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። በዚህ ሙቀት ካፖርት ደርበው፣ በሷቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል።

"ምነው ጋሽ መርሻ፣ ካፖርት?"

"ድንበር አይደል የምንሄደው? ድንበር ብርድ አያጣውም።"

የምንሄደው ታናሽ ወንድማቸውን ደምሴን ለማየት ነው። አብዮቱ ከበተናቸው ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ደምሴ ሚኒያፖሊስ ነው፤ ወረቀቱ ስላላለቀ ከአሜሪካ ከወጣ መመለሻ የለውም። ጋሽ መርሻ ደግሞ መግቢያ ቪዛ ተከልክለዋል። ደምሴ ታዲያ ካርታ ላይ ሲያፈጥ ከርሞ ኮል አደረገ፦ የአሜሪካ ሆና ሳለ በየብስ በካናዳ የተከበበች፣ ሀይቅ ዳር ያለች ሚጢጢ መንደር አግኝቷል። እሱ ከአሜሪካ በኩል ሀይቁን በጀልባ አቋርጦ ይገባል፣ እኛ በመኪና እስከ ድንበሯ። "ማንም ካለበት አገር ሳይወጣ እንገናኛለን" አለ። የካናዳ ዜግነት ያለኝ እኔ ነኝና መሀል ለመሀል የምመላለሰውም እኔው ነኝ። ለካ ዜግነት ያወጣሁት ለዚህ ኖሯል!

ዓርብ፣ ተንደር ቤይን አልፈን

ጥድ፣ ድንጋይ፣ ሀይቅ። ደግሞ ጥድ፣ ድንጋይ፣ ሀይቅ። የማደያው ቡና እጣቢ ነው። ጋሽ መርሻ በሶ ጨብጠው ያጎርሱኛል፤ ግማሹ አፌ ውስጥ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ።

"ይቺ አገር ማብቂያ የላትም እንዴ? እኛ በእግራችን ሱዳን ስንገባ እንኳ ያልቅ ነበር!"

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ የመጨረሻው ማደያ

ባለማደያውን "መንደሯ ምን አጥፍታ ነው ተነጥላ የቀረችው?" አልኩት። ሳቀ። ድሮ ድንበር ያሰመሩት ሰዎች የያዙት ካርታ የተሳሳተ ነበር አለኝ። ከሀይቁ ጥግ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሚሲሲፒ ወንዝን የሚያገኙ መስሏቸው ነበር፤ ወንዙ ግን እዚያ የለም። መስመሩ ሲስተካከል ይህች ቁራሽ ወዲህ ቀረች።

ለጋሽ መርሻ ተረጎምኩላቸው። "እግዜር ይስጣቸው" አሉ፣ ኮፍያቸውን አንስተው። "ባይሳሳቱ እኔና ደምሴ የት እንገናኝ ነበር?"

ቅዳሜ ቀትር፣ ድንበሩ

የጠጠር መንገድ፣ ጫካ፣ አንድ ታፔላ። በቃ! ጋሽ መርሻ ወርደው ሻንጣቸውን ከፈቱ፤ ካልሲያቸው ሳይቀር ጠጠሩ ላይ ተዘረጋ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ኬላ ነው እኮ። ፈታሽ እስኪመጣ ልዘጋጅ።"

"ፈታሽ የለም። መንደሯ ገብቼ ለድንበር ሹሞቹ በስልክ 'ገብቻለሁ' ማለት ብቻ ነው።"

"አታሞኚኝ ልጄ። ፈታሹ ካልታየሽ ተደብቆ ነው።"

ትቻቸው ገባሁ። መንደሯ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ሱቅ፣ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤትና ከሰው የበዛ ጀልባ ናት። ባለሱቋ ስልኩን ሰጠችኝ፣ ዓሣ ካልበላሽ ብላ ሙግት ገጠመችኝ። በመኪና ወደ ሌላው አሜሪካ ለመሄድ ካናዳን ማቋረጥ አለባቸው፤ ከተማ ወጥተው አስቤዛ ለመግዛት ሁለት አገር! "አይሰለቻችሁም?" ብላት፣ "ሌላው ሰው እዚህ ለመምጣት ይሰልቸው እንጂ!" አለችኝ።

ደምሴ ጀልባዎቹ ጋ ቆሟል። ጋሽ መርሻ የነገሩኝ ስለ ጎፈሬያም ጎረምሳ ነበር፤ የጠበቀኝ ግን ራሰ በራ ጎልማሳ ነው።

ስንመለስ ጋሽ መርሻ እንደተከፈተ ካለው ሻንጣቸው አጠገብ ቆመዋል። ደምሴ ከመኪናው ዘሎ ሮጠና ታፔላው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። የታላቅ ወንድም ጉልበት ሳይሳም እንዴት ይሆናል? ጉልበቱ ደግሞ ካናዳ ነው።

"አንድ እርምጃ ናት፣ ማን ያይሃል?" አልኩት።

"እንዳትነቃነቅ!" ብለው ጮኹ ጋሽ መርሻ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቄህ በአንድ እርምጃ ልትጠፋብኝ?"

ካፖርታቸውን አውልቀው አሸከሙኝ። ታፔላውን ጨብጠው ቀኝ እግራቸውን ወደፊት ዘረጉ። ጉልበታቸው ያለ ቪዛ አሜሪካ ገባ።

ደምሴ ተንበርክኮ ሳመው፤ አልነሳም አለ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ጋሽ መርሻ በአንድ እግራቸው እየተንገዳገዱ ራሰ በራውን ዳበሱት፤ ዳበሱት፤ ከዚያ ግራ ቀኙን ጫካ ገላመጡ።

"በል ግራውንም ሳም" አሉት እንባቸውን እየዋጡ። "ቶሎ፣ ፈታሹ ሳይመጣ።"