ከመሃላችን የተቀመጠው ችሎት

ከባሌ ተፋትቼ ሉማሜ አጠገብ ወደሚገኘው የእናቴ ቤት በተመለስኩበት ዓመት የአጥቢያችን ዳኛ አረፉ። በምትካቸው ከወረዳው ከተማ አንድ ጎልማሳ ተሾመልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን አገሩን አያውቅም። ችሎት የሚቀመጠውም እዚያው ከተማ ስለነበር አቤት ለማለት ጎህ ሲቀድ መነሳት ነበረብን።

እናቴ በእርሻ ድንበር ከጎረቤታችን ጋር ተካስሳ ነበር። በሄዱ ቁጥር «ሌላ ቀን ተመለሱ» ይባላሉ። መጀመሪያ ተራርቀው ነበር የሚሄዱት። ክረምቱ ሲከብድ ግን በአንድ ገሳ ከዝናብ ተጠልለው፣ እየተጨቃጨቁ ሲመለሱ አየኋቸው።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ዳኛው ሲያማርር እናቴ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች።

«ዳኛው እዚህ ይምጣልን። መሬቱን ሳያይ ምን ብሎ ይፈርዳል? እኛ የምንመርጣቸው ሁለት ሽማግሌዎችም አብረውት ይቀመጡ።»

«ሴት ደግሞ በዚህ ምን አገባት?» አለ አንዱ።

ጎረቤታችን ብድግ አለ። «ባላጋራዋ እኔ ነኝ። እውነቷን ነው።»

በማግስቱ ተሰባስበን የወረዳው ገዥ ዘንድ ሄድን። ገዥው ብዛታችንን አይተው ተቆጡ።

«ማነው ያሳደማችሁ?»

እኔ ፈርቼ የእናቴን ነጠላ ጎተትኩ። እሷ ግን እጅ ነስታ፣ «አላደምንም ጌታዬ። እርስዎ የሾሙልንን ዳኛ አልጠላነውም፤ ናፈቀን እንጂ» አለች።

ገዥው ሳቃቸው አመለጣቸው። ፈቀዱልን።

ሽማግሌዎቹን በጭብጨባ መረጥን። ዳኛው በበቅሎ መጣ፤ ከእነሱ ጋር ጭቃውን እየረገጠ ድንበሩን ዞረ። ቁራሹ መሬት ለጎረቤታችን ተፈረደ።

«ቆጨሽ እማ?» አልኳት።

«እንዴት አይቆጨኝ! ግን ቆመው አይተውታል። ሰምተውኛልም» አለችና ለዳኛው ምሳ ማቅረብ ጀመረች። እሱም እየበላ፣ «ከተማ ሆኜ ሰው ሁሉ የሚዋሸኝ ይመስለኝ ነበር» አለን።

በኋላ ገዥው ሲቀየሩ ችሎቱ ወደ ከተማ ተመለሰ። አዲሱን ገዥ ብንለምንም አልሰሙንም። የአገሬው ሰው ግን የመረጣቸውን ሽማግሌዎች አልተወም፤ ጠቡን አስቀድሞ ለእነሱ ይነግራል፤ ብዙውም እዚያው ታርቆ ይቀራል።