ከነጭ ሽንኩርቱ ማሳ በታች ያለው ጉድጓድ

የእህቴ አማት፣ የባሏ አባት፣ ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ባለው ሰፈራቸው ጉድጓድ በማስቆፈር የሚቀድማቸው አልነበረም። ጉድጓዱ ከነጭ ሽንኩርት ማሳቸው በታች ነው። ሽንኩርቱ እንዲወፍር ማዳበሪያውን ሳይሰስቱ ይበትኑበታል። ውሃው ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ስለሆነ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣሳ ቀድተው ያስቀምሳሉ፤ ጠጥቶ ያላመሰገነን ሰው አይወዱም።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ጡቷ ደረቀ። ባሏ ከከተማ የዱቄት ወተት አመጣላት። ጤና ጣቢያ ውሃውን አፍልተሽ በጥብጪ አሏት፤ እሷ ደግሞ ነገር ስትይዝ አትለቅም፣ ግማሹ እስኪቀር ታንተከትከው ነበር።

ጎንደር ቁስቋም ካለው ቤቴ ልጠይቃት ስሄድ ሕፃኗ ጓዳ ውስጥ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኖ ተኝታለች። ክርስትና እስክትነሳ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ነው። አክስቷን ማን ይከለክለኛል ብዬ ወደ በሩ ብርሃን አወጣኋትና ገለጥኋት። ከንፈሯና ጥፍሮቿ አመድ የነካው ሰማያዊ ሆነዋል። እናቷ እንኳ በብርሃን አይታት አታውቅም ነበር።

ሆስፒታል እንውሰዳት አልሁ። የእህቴ አማት ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ ከቤት አትወጣም አሉ። ተጨቃጨቅን፣ ጮህሁባቸው፤ የፈቀዱት በማግስቱ ነው። ጎንደር ስንደርስ ነፍሷ ገና አልወጣችም ነበር። ሐኪሙ ደሟ ጠቁሮ ቡና መምሰሉን አይቶ ስለ ውሃው ጠየቀን። ማዳበሪያው ከማሳው ወደ ጉድጓዱ እንደሚሰርግ፣ አዋቂ እንደሚችለው፣ የሕፃን ደም ግን እንደሚታፈን ነገረን። ማፍላት ደግሞ መርዙን ያወፍረዋል እንጂ አያጠፋውም አለ። እህቴ አላለቀሰችም። «አፍልቼዋለሁ እኮ» ብቻ እያለች ቀረች። ልጅቱ በዚያው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ አማቷ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ውሃውንማ ሁላችን እንጠጣዋለን። ልጅቱን የገለጣት ሰው አለ» አሉ። እሳቸው አላዩኝም፤ ለቀስተኛው ግን ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያን ሽማግሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ አልለውም። ጠልቸዋለሁ። ቢሆንም እሱ የተከራከረው ለጉድጓዱ ነው። ሐኪሙን አብራኝ የሰማችው እህቴ አንገቷን ደፍታ ዝም ማለቷ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለደች። ጡቷ አሁንም እንቢ ማለቱን ስሰማ የታሸገ ውሃ በካርቶን አሸክሜ ሄድሁ። ሽማግሌው ካርቶኖቹን ተቀብሎ በጎቹ በሚያድሩበት ጥግ አስቀመጣቸው፤ ጣሳውንም ሞልቶ ጠጪ አለኝ። አልጠጣሁም።

ጓዳ ስገባ እህቴ ነጠላውን ፈጥና በልጁ ፊት ላይ ሳበችው።

«እታለም፣ እዚያው ሁኝልኝ» አለች።

ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ጠየቅኋት። ድስቱን ከፍታ አየችና፣ «ምነው፣ በደንብ እያፈላሁት ነው» አለችኝ። እጄን ወደ ነጠላው ስዘረጋ ልጁን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ፊቱን ሳላይ ተመለስሁ።