የአከራዬ አምላክ የታመመ ሰሞን

የሄድኩ ማታ ጎጃም በረንዳ ያለው ግቢያችን ሰርግ ያለ ይመስል ሰው ሞልቶት ነበር። እናቴ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የደረቀ ዳማከሴ ትጠቀጥቃለች።

«ሕንድ አገር በርበሬ የለም ያለሽ ማነው?» አልኳት።

«የኔ ዓይነት የለም» አለች። እውነቷን ነው፣ የለም።

መሥሪያ ቤቴ ለማስተርስ የላከኝ ምሥራቅ ሕንድ፣ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ነው። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ለዝናብ ብለው መስኮቱን ሁሉ የዘጉበት የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ በሉት። ቤት ፍለጋ ስንከራተት ከሚስተር ፓንዳ ጋር ተገናኘሁ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከስሜ በፊት ሆዴን መረመሩ።

«ሥጋ ትበያለሽ?»

«እዚህ አልበላም።»

«እንቁላል?»

«እሱም ይቅር።»

«ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እዚህ ቤት አይገባም።»

እናቴ እኮ ያሳደገችኝ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት እያመጣች፣ ቸርችራ ነው! «ታዲያ ወጡ በምን ይቁላላ?» ልል አሰብኩና ሌላ ቤት እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት። ሑዳዴ እንኳ ሽንኩርት አይከለክልም፣ ጎበዝ።

ሰኔ ሲገባ ሚስተር ፓንዳ አዲስ ልብስ ለብሰው «ነይ፣ ዛሬ ጌታ ይታጠባል» አሉኝ። በዓሉን ስናን ያትራ ይሉታል። ጣዖት እንዳልል አከራዬን እፈራለሁ፤ ምስሎች ልበል። ከእንጨት የተጠረቡ፣ ዓይናቸው ድስት የሚያህል፣ «ጌታ» የሚሉት አምላካቸው፣ ወንድሙና እህቱ ከመቅደስ ወጥተው ሰገነት ላይ ተቀምጠዋል። ካህናቱ ሽቶ የገባበት ውሃ በእንስራ በእንስራ ያወርዱባቸዋል። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ እልልታቸው ቁርጥ የእኛ!

በማግስቱ መቅደሱ ዝግ ነው።

«ምነው?» አልኩ።

ሚስተር ፓንዳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጌታ ታሟል። ትናንት ብዙ ውሃ ፈሰሰበት፤ ትኩሳት ይዞታል።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን የመርካቶ ልጅ ሕመም ሲሰማ ዝም ማለት የት ይችላል? «ፀሐይ ላይ አጥባችሁት እኮ ነው! ምች ነው የመታው» አልኩ። ምች ምን እንደሆነ፣ ዳማከሴ እንዴት እንደሚታሽ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «የእኛም ሐኪሞች ሥራ ሥር እየሰጡት ነው» አሉ። ምግቡ ፍራፍሬ ብቻ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ምእመን አያየውም። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ የጤና ዜና እሰማለሁ። «ዛሬ ቀለል ብሎታል» ይላሉ፤ ለእኔም፣ ለጎረቤትም፣ ለወተት ሻጩም።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከስልክ ጠፋች። ቤታችን ስልክ የለም። ከስልክ ቤት የምደውለው አጠገባችን ብትን ጨርቅ የሚያከፋፍሉት ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ነው፤ እሳቸው ያስጠሯታል። አንድ ቀን «አትክልት ተራ ወርዳለች» አሉኝ። ሌላ ቀን «ለቅሶ ሄዳለች»። ቀጥሎ «ጸበል ገብታለች፣ ደህና ናት፣ በጣም ደህና ናት»። ይቺ «በጣም» አላማረችኝም።

«ጋሼ፣ እናቴ ታማለች?»

«ኧረ በአላህ! አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።»

ደሜ ፈላ። «እዚህ አገር አምላካቸው ሲታመም እንኳ ለሕዝብ ይነገራል! እናንተ አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ ትደብቁኛላችሁ?»

«አስተግፊሩላህ! ምን አልሽ?»

«አጥበውት ታመመ! ሁሉም ያውቃል!»

«ልጄ፣ ሙቀቱ ነው መሰለኝ» አሉ። የስልክ ቤቱ ሂሳብ መቁጠሪያ ቀይ ቁጥር ብቻ ይሮጣል። «ስሚ፣ ነገ በጠዋት ደውዪ። ስትደውዪ ግን ብቻሽን አትሁኚ፤ ሰው ይዘሽ።»

በእኛ አገር መርዶ በማለዳ፣ ሰው ባለበት እንደሚነገር የማያውቅ ማን አለ? ለራሴ ግን «ታማ ነው፤ መታመሟን ሊነግሩኝ ነው» አልኩ። እግዜርን ለእናቴ ሕመም ስለምን አደርኩ። ትታመም ብቻ፣ የፈለገ ያህል ትታመም!

በከተማው ከእኔ ሌላ አበሻ የለም። ሲነጋ ሚስተር ፓንዳን ከመቅደስ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ግንባራቸውን ተቀብተዋል፣ ፊታቸው በርቷል። «ዳነ! በሩ ተከፈተ፣ አየሁት!» አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ስልክ ቤቱ ወሰድኳቸው። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

ስልኩን ያነሱት ጋሼ ሸምሱ አይደሉም። የንስሐ አባታችን ናቸው። ቄስ በማለዳ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ምን ይሠራሉ?

«ልጄ» አሉ፤ «አብሮሽ ሰው አለ?»

«አከራዬ አሉ፣ አባ» አልኩ። «ዛሬ አምላካቸው ድኖላቸው ደስ ብሏቸዋል።»