ሙሽራዋ ያልተገኘችበት ኒካህ

እህቴ ያገባችው ጂማ ውስጥ እንደማውቃቸው ሙስሊም ሴቶች ሁሉ ነው። አስተማሪ ነኝና በቅደም ተከተል ላስረዳ። ኒካሁ የሚታሰረው በወንዶች መካከል ነው። ሙሽራው ይመጣል፣ ሼሁ ይቀመጣሉ፣ ምስክሮች ይገኛሉ። በሙሽራዋ በኩል ወሊዋ፣ ማለትም አባቷ ወይም ወንድሟ፣ የሙሽራውን እጅ ይዞ «ድሬልሃለሁ» ይላል። ሙሽራዋ ፈቃዷን አስቀድማ ትጠየቃለች እንጂ እዚያ አትቀመጥም። አባታችን ስላረፉ የባሏን እጅ የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት እሷ በሰፈራችን በመንደራ ቆጪ፣ ጎረቤት ቤት፣ ሂና ተቀብታ ከጓደኞቿ ጋር ትስቅ ነበር።

ባሏ ጂማ አጠገብ ባለችው ሰቃ፣ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ይሠራ ነበር። በተጋቡ በዓመቱ አገር ጥሎ ወጣ። ምክንያቱን መናገር የእሱ ፋንታ ስለሆነ አልጽፈውም። በሱዳንና በሊቢያ በኩል አውሮፓ ደረሰ፤ ብዙ ከጠበቀ በኋላ ጥገኝነት ሰጡት። የተቀበለው አገር ሕግ ደግሞ ስደተኛው ከመሰደዱ በፊት ያገባትን ሚስቱን ማስመጣት ይችላል ይላል። እህቴ ይህን የሰማች ዕለት ልብስ ስፌቷን ትታ ቀኑን ሙሉ ቤት ስታጸዳ ዋለች፤ የምትሄደው ነገ ይመስል።

ቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ፣ የዚያው አገር ኤምባሲ ውስጥ ነበር። ተማሪዎቼን ለፈተና እንደማዘጋጅ አዘጋጀኋት። ከማስተምርበት ከሰቃ በተመለስኩ ቁጥር እንቀመጥና እጠይቃታለሁ።

«የባልሽ እናት ስንት ልጅ ወለዱ?»

«ማሎ ቲቸር፣ የሚወስደው እኔን ነው እሳቸውን?»

ማሎ ስትል እባክህ ማለቷ ነው፤ ቲቸር የምትለኝ ግን ልታበሽቀኝ ስትፈልግ ነው። ቢሆንም ሁሉንም አጠናች፦ የሚወደውን ምግብ፣ የጉልበቱን ጠባሳ፣ ለጥሎሽ ያመጣውን ልብስ ቀለም። ስለ ኒካሁ ግን አልጠየቅኳትም። እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚታሰር የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ጥያቄ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እኔን ወደ ውስጥ አላስገቡኝም። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ስጠብቅ እየሳቀች ወጣች። የሆነውን የነገረችኝ ወደ ጂማ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

«ጋብቻው ሲፈጸም የት ነበርሽ አለችኝ ጠያቂዋ። ጎረቤት ቤት አልኳት። ለምን አለችኝ። ሙሽራ ነኛ! አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ታዲያ ከባልሽ ጋር ማን ነበር አለች። ወንድሜ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ብዙ ጻፈች። ቲቸር፣ በነሱ ቤት ያገባኸው አንተ ነህ!»

ሳቅሁ። ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ እንኳ ሰምተው ሳቁ።

መልሱ በእኔ ኢሜይል መጣ። ከሁለቱ ተጋቢዎች አንደኛው በአካል ባልተገኘበት የተፈጸመ ጋብቻ በአገሪቱ ሕግ አይታወቅም፤ ስለዚህ አመልካቿ የስደተኛው ሚስት አይደለችም ይላል። ውሸታም አላሏትም። ውሸታም ቢሏት ኖሮ ማስረጃ እናቀርብ ነበር። ባመኑላት እውነት ነው የፈረዱባት።

ይግባኝ ጻፍኩ። ሼሁ ቃላቸውን ሰጡ፣ ምስክሮቹ ፈረሙ። እኔም ሥርዓቱን ከላይ እንዳስረዳሁት፣ ከዚያም በላይ በዝርዝር አብራራሁ። ማብራሪያዬ በጣም ግልጽ ነበር። ግልጽ በሆነ ቁጥር ሙሽራዋ እዚያ እንዳልነበረች ይበልጥ ያረጋግጣል፤ ይህ የገባኝ ከላክሁት በኋላ ነው። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ የመጀመሪያውን መልስ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ደግሞ አስፍሯል። የመጨረሻ ውሳኔ ነው።

ለእህቴ ሌላ መንገድ እንዳለ ነገርኳት። ኬንያ ወይም ዩጋንዳ ተገናኝተው፣ ጎን ለጎን ቆመው እንደ አዲስ መጋባት ይችላሉ። ግን ያ ጋብቻ ከስደቱ በኋላ የተፈጸመ ስለሚሆን ሌላ ሕግ ይመለከተዋል፤ ቋሚ ሥራ ይጠይቃል፣ በቂ ደመወዝ ይጠይቃል፣ የእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ጊዜያዊ ነው...

«ይብቃህ» አለችኝ። የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ በአላህ ዘንድ ባለትዳር ነኝ። እነሱ ዘንድ ማንም አይደለሁም። ከዚህ ሌላ የሚብራራ ነገር አለ?»

አልነበረም።

«ደውልለት። እኔ ድምፁን ከሰማሁ አልችልም» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች።

ባሏ ምግብ ቤት ዕቃ ያጥባል። ስልኩን ሲያነሳ የሳህን ኳኳታና የውኃ ድምፅ ይሰማል።

«አማቼ! አሰላሙ አለይኩም! ምን አሉ? ቤት አገኘሁ እኮ፣ ጠባብ ናት፣ ለሁለት ግን ትበቃለች።»

«ወአለይኩም ሰላም። ከመጀመሪያው ልንገርህ...»

«ከመጀመሪያው አትጀምርብኝ። ምን አሉ?»

«አይሆንም አሉ።»

ውኃው ይፈስሳል። ከኋላው አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ይጮህበታል።

«እጄን ይዘህ አልነበር?» አለኝ። «አንተ እዚያ ነበርክ አይደል? ንገራቸዋ።»

«ነገርኳቸው» አልኩት።